የኋላው ቀይ መብራት

ደምለው አዛናው ፈረደ፣ ማክሰኞ የካቲት 4 ቀን 1933 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ መተማ ከነጋዴው ከአያ ሷሊህ ሱቅ ደጃፍ፣ ጥልያን ሲሸሽ ጥሎት ከሄደው ሞተር ብስክሌት አጠገብ ተንበርክኮ ነበር። የከተማው ሹም ፊታውራሪ ገብረማርያም ወደ ሸሕዲ የሚላከውን ደብዳቤ ለእርሱ ሊሰጡት አስበዋል፤ ነገር ግን ፍሬን ሲያዝ የኋላው ቀይ መብራት እስከ ቀትር ካልበራ፣ መልእክተኛነቱ ለባለበቅሎው ለአለነ ይሆናል።

ሷሊህ፦ እኔ የምለው፣ ሰው የሚሄደው ወደ ፊት፤ መብራቱ ከኋላ ምን ይሠራል?

ደምለው፦ አያ ሷሊህ፣ አንቱ ስኳርዎን ይመዝኑ! መብራቱ ለእኔ አይደለም፤ ከኋላዬ ለሚመጣው ካሚዮን ነው። ስቆም ቀይ አይቶ እንዳይጨፈልቀኝ።

ሷሊህ፦ ካሚዮኑ የት አለ?

ደምለው፦ ይመጣል! (የፍሬኑን እጀታ ይስባል) በራ?

ሷሊህ፦ (ከኋላ ጎንበስ ብሎ) ምንም የለ።

ደምለው፦ እንግዲያው አምፖሉ ሞቷል። (ነቅሎ ከባትሪው ጋር ያገናኘዋል፤ ቦግ ይላል) አልሞተም።

ሷሊህ፦ አልሐምዱሊላህ።

ደምለው፦ ሽቦው ተበጥሷል ማለት ነው። (ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዳብሰዋል) አልተበጠሰም።

ሷሊህ፦ እኔ አላዋቂ ነኝ እንጂ፣ ከእጀታው ሥር የሚንጠባጠበው ምንድን ነው?

ደምለው፦ የሰሊጥ ዘይት ነዋ! አዲስ ኮርቻ በዘይት ሳይታሽ መንገድ ይወጣል? ትናንት ሞተሩን እጀታው ሳይቀር እስኪጠግብ አጠጣሁት።

ሷሊህ፦ ኮርቻ መብራት አለው እንዴ?

ደምለው፦ (ከእጀታው ሥር ጎንበስ ብሎ እያየ፣ ቀስ ብሎ) እጀታው ሲሳብ ከሥሩ ሁለት ብረቶች ይሳሳማሉ፤ ያን ጊዜ መብራቱ ይበራል። በመካከላቸው ዘይት ከገባ... አይሳሳሙም።

ሷሊህ፦ ከጥልያን ኦፊቺና፣ ከሞተር መጠገኛው ቤት፣ ሦስት ዓመት የተማርኸው ይህን ነው?

ደምለው፦ መማር እንኳ አይደለም አያ፤ ወለል ነበር የምጠርገው። ግን በጥሞና! ዘይትን የሚያጥበው ቤንዚን መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ። ጣሳ ያቀብሉኝ።

(ከሞተሩ ሆድ ቤንዚን እየቀዳ የእጀታውን ሥር ያጥባል። አንድ ጣሳ፣ ሁለት፣ ሦስት።)

ሷሊህ፦ ልጄ፣ አልበዛም?

ደምለው፦ ንጽሕና አይበዛም!

ሷሊህ፦ ማለቴ፣ ይህ ሞተር የሚበላው...

ደምለው፦ ስለ መብራት ስንደክም አንቱ ስለ መብል ያወራሉ! (እጀታውን ይስባል)

ሷሊህ፦ ያ ሰላም! እንደ ፍም ቀላ!

(ደምለው ሞተሩን እየገፋ ወደ ፊታውራሪ ይከንፋል። ፊታውራሪ ሦስት ጊዜ ፍሬን አስይዘው ያያሉ፤ ይረካሉም። ደምለው ደብዳቤውን በደረቱ ሸጉጦ ወደ ሱቁ ይመለሳል፤ ይፈናጠጣል፤ ማስነሻውን ይረግጣል። ደግሞ ይረግጣል። ላቡ ይንቆረቆራል።)

ደምለው፦ ደግሞ አሁን ምን ነካው?

ሷሊህ፦ ርቦታል።

ደምለው፦ (ክዳኑን ከፍቶ ወደ ውስጥ ያያል፤ ከመሬቱ ላይ ይቀመጣል) ለምን አልነገሩኝም?

ሷሊህ፦ ጀምሬ ነበር፤ ፍሬን ያዝህብኝ።

ደምለው፦ ቤንዚን ከድንበሩ ማዶ፣ ከገላባት ወዲያ እስኪመጣ ሳምንት ነው። ሞተሩ ሊጠጣው የሚገባውን ዋልካው መሬት ጠጣው! አንተ ደምለው፣ ለመቆም ስትሰናዳ ውለህ መሄድን ረሳህ!

ሷሊህ፦ በል ደብዳቤውን መልስ፤ አለነ ይውሰደው።

ደምለው፦ አልመልስም። እግሬ ቤንዚን አይጠጣም፤ ዘይትም አልቀባሁትም።

ሷሊህ፦ ሞተሩስ?

ደምለው፦ እየገፋሁት እሄዳለሁ። እዚህ ቢቀር ባዶነቱን ከተማው ሁሉ ያውቅብኛል።

ሷሊህ፦ ስትገፋ ያየህ ሰው ምን ይልሃል?

ደምለው፦ ምንም ቢለኝ፣ እኔ ለራሴ ከነገርሁት አይብስም።

(ወገቡን አጥብቆ መግፋት ይጀምራል።)

ደምለው አዛናው ፈረደ ሞተር ብስክሌቱን እየገፋ ረቡዕ አመሻሽ ላይ ሸሕዲ ገባ፤ ደብዳቤውንም ለተጻፈለት ሰው በእጁ አስረከበ።