ፀጉር ቤቱ ሰው ሆነ

(ሁለት ወንድማማቾች ከአባታቸው የወረሱት ፀጉር ቤት። ታላቅየው ያልተጠየቀውን ሁሉ ስለሚያስረዳ ሰፈሩ «ሊቁ» ይለዋል። ታናሽየው ጭምቱ ነው፤ ነገር ቶሎ አይገባውም እየተባለ ይታማል። ጭምቱ የደንበኛ ወንበር ላይ ተንፈላሷል።)

ሊቁ፦ ተነስ ብዬሃለሁ! ወንበሩ ያንተ አይደለም!

ጭምቱ፦ ታዲያ ያንተ ነው?

ሊቁ፦ የኔም አይደለም፤ የኩባንያው ነው! ትናንት ምን ያስፈረምኩህ መሰለህ? ፀጉር ቤቱ ኩባንያ ሆኗል። በሕግ ፊት ራሱን የቻለ ሰው ነው።

ጭምቱ፦ (ብድግ ብሎ ወንበሩን በፎጣ እያራገፈ) ይቅርታ ጌታዬ፣ አላየሁዎትም።

ሊቁ፦ ኧረ አንተ ሰውዬ! አይታይም!

ጭምቱ፦ ወይ ጉድ! ጋኔን አስገባህብን?

ሊቁ፦ ግብር ከፋይ ነው ያስገባሁት! ድሮ ግብሩ ከኛ ኪስ ነበር። አሁን ከትርፉ ላይ እሱ ይከፍላል።

ጭምቱ፦ የተባረከ! የቀረውን እኛ እንካፈላለና?

ሊቁ፦ ስንካፈል ደግሞ እንደገና ይቆረጣል።

ጭምቱ፦ አንዴ የተቆረጠውን? መላጣ ሊያደርጉን ነው እንዴ!

ሊቁ፦ ጭንቅላት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው! ደሞዝ ወጪ ነው፤ ትርፍ ሳይሰላ በፊት ይቀነሳል። ደሞዝ ሲበዛ ትርፍ ያንሳል፣ ግብሩም ያንሳል።

ጭምቱ፦ እሺ፣ የኔ ግማሽስ? የአባባ ቤት እኮ የሁለታችን ነው።

ሊቁ፦ (ጉሮሮውን እየጠረገ) አንተማ ተሹመሃል! ሥራ አስኪያጅ ነህ። ትናንት በፈረምከው ውል ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ ትርፉም የኔ።

ጭምቱ፦ ለምን እኔን ሾምከኝ?

ሊቁ፦ ግብር ሲዘገይ የሚጠሩት ሥራ አስኪያጁን ነዋ!

(ጭምቱን ሆድ ባሰው። እዚህ ቤት ቆሞ ሰው ሲላጭ ነው ያደገው፤ የገዛ ወንድሙ እንዲህ ይጫወትበታል ብሎ አላሰበም። መቀሱን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው።)

ጭምቱ፦ ደሞዝ የሚወስነው ማነው?

ሊቁ፦ ሥራ አስኪያጁ። ውሉ ላይ አለ።

ጭምቱ፦ ብትሽረኝስ?

ሊቁ፦ ለሦስት ዓመት አልችልም፤ አንተም መልቀቅ አትችልም። እንዳታመልጠኝ ራሴ ነኝ ያስጻፍኩት!

ጭምቱ፦ (ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ተመልሶ እየተቀመጠ) እንግዲያው ወስኛለሁ። ከመብራት ክፍያና ከምላጭ መግዣ የተረፈው በሙሉ የኔ ደሞዝ ነው። የደሞዙንም ግብር ራሴ እከፍላለሁ፣ አታስብ።

ሊቁ፦ እንዴ! ትርፉስ?

ጭምቱ፦ ዜሮ! እንኳን ደስ ያለህ ጋሼ፣ የምትገብረው ሰባራ ሳንቲም የለህም!