አፈር ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ

ቅጽ ሞልታችሁ ታውቃላችሁ? የራሳችሁን ሳይሆን የልጃችሁን ማለቴ ነው። የራስ ቅጽ ቀላል ነው፤ ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ፊርማ፣ አለቀ። የልጅ ቅጽ ላይ ግን «ሊማሩ የሚፈልጉት የትምህርት ዘርፍ» የምትል አንዲት ጠባብ መስመር አለች። ሁሉም የሚፈልገውን የጻፈ ከሰልፉ መጨረሻ ይቆማል፤ ማንም የማይፈልገውን የጻፈ በጓሮ በር ይገባል ይባላል። ይባላል ነው ያልኩት። ይህችን «ይባላል» ያመንኩ ቀን ነው ጉዴ የፈላው።

ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ሳውዲ አረቢያ፣ ኮበር ከተማ፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበርኩ። ልጄ ትርሲት ሕንዶቹ ትምህርት ቤት አሥራ ሁለተኛን ልትጨርስ ወራት ሲቀሯት፣ አስተዳደሩ ጠርቶ ኮንትራቴ እንደማይታደስ ነገረኝ። ከበጋው በኋላ ፓስፖርታችን ላይ ኹሩጅ ይመታል፤ ጠቅልሎ መውጣት ነው። ለእኔና ለባለቤቴ ለወይንሸት አገራችን ነው፣ እንገባለን። ትርሲት ግን አማርኛ የምታነበው እየተንተባተበች ነው፤ ለአገር ቤቱ ማትሪክ የሚያበቃ አንድ ገጽ አልተማረችም። ሕንድ አገር የምታመለክትበት ዩኒቨርሲቲ ካልተቀበላት ቤት መቀመጧ ነው።

ትርሲት ቅጹ ላይ «ፋርማሲ» ብላ ጻፈች። ለምን እንደፈለገችውም አንድ ገጽ ሙሉ አብራርታ፣ ፖስታ ቤት እንዳደርስላት ሰጠችኝ።

ፖስታ ቤት ከመሄዴ በፊት ጎረቤት ከተማ ደማም፣ አል ባዲያ ሰፈር፣ ወዳጄ ሰይድ ዘንድ ጎራ አልኩ። ሰይድ የወሎ ሰው ነው፤ ዋስ በሆነው ሳውዲ፣ በካፊሉ ስም የሬዲዮና የቴሌቪዥን መጠገኛ ይሠራል። ልጁን አምና እዚያው ትርሲት የምታመለክትበት ዩኒቨርሲቲ አስገብቷል።

«ምን ብላ ጻፈች?» አለኝ።

«ፋርማሲ።»

የሚጠግነውን ሬዲዮ አስቀመጠ። «ሙሽኪላ ነው፣ ችግር ነው ወንድሜ። ለውጭ ልጅ የያዙት ቦታ እፍኝ አይሞላም፤ ከገልፍ አገሮች የሚያመለክት ልጅ ሁሉ ደግሞ ፋርማሲ ነው የሚለው። የእኔን ልጅ የአፈር ሳይንስ በል አልኩት። ወላሂ፣ ወዲያው ነው የጠሩት።»

«አፈር ይወዳል?»

«መግባቱን ይወዳል።»

ከዚያ ወጥቼ ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አንድ ነጭ የጽሑፍ ማጥፊያ ፍሉይድ ገዛሁ። መኪናዬ ውስጥ ሆኜ «ፋርማሲ» የሚለውን በነጩ ቀባሁት፤ እፍ እያልኩ አደረቅሁት፤ የልጄን እጅ ጽሑፍ አስመስዬ «የአፈር ሳይንስ» ብዬ ጻፍኩበት። ፊታችሁ ሲጨማደድ ይታየኛል። ፍረዱብኝ፤ ግን ኮንትራታችሁ ባለቀ ማግስት ፍረዱ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት አይነሡ። ስልክ ሲጮህ እደነግጣለሁ፤ ዝም ሲልም እደነግጣለሁ። ትርሲት ራት ላይ ስለ መድኃኒት ቅመማ ስታወራ ወሬ እቀይራለሁ። እንዳይቀበሏት እፈራለሁ። እንዲቀበሏትም እፈራለሁ፤ ያን ጊዜ ምን ልላት ነው?

ደብዳቤው ሲመጣ በእናቷና በእኔ ፊት ቆማ አነበበችው። «ቅጽሽ የአፈር ሳይንስ ይላል፤ የጻፍሽው ማብራሪያ ግን ስለ ፋርማሲ ነው። ቅጹም ላይ ስርዝ ድልዝ አለ። ቅዳሜ በዚህ ቁጥር ደውለሽ ካላስረዳሽ ማመልከቻሽ ውድቅ ይሆናል።»

«እኔ አፈር አላልኩም» አለች።

ወይንሸት ዞር ብላ አየችኝ። ሃያ ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት ስታየኝ ምን እሸሽጋለሁ?

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ትርሲት ደብዳቤውን አጥፋ ክፍሏ ገባች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ኮበር ስልክ ቤት ወሰድኳት። የዙህር፣ የቀትሩ ሶላት ሊደርስ ሩብ ሰዓት ቀርቶታል፤ አዛን ከተባለ ሱቁ ይዘጋል፣ ስልኩም ይቋረጣል። ሠራተኛው ሰዓቱን ያያል፣ እኔ ሠራተኛውን አያለሁ። ትርሲት ከስልክ ካቢናው መስታወት ጀርባ ትናገራለች፤ ድምጿ አይሰማኝም። ለእኔ ብላ እንዳትዋሽና እንዳትያዝ ፈራሁ። ከካቢናው ስትወጣ አዛኑ ጀመረ፤ ሠራተኛውም ሁላችንንም አስወጥቶ ዘጋ።

ያ ሙቀት ላይ፣ አስፋልቱ ዳር ቆመን፣ «ምን አልሻቸው?» አልኳት።

«እውነቱን። አባቴ ነው የቀየረው አልኩ።»

«እነሱስ?»

«ሰውዬው ሳቀ። ዘንድሮ ከገልፍ የመጣው ማመልከቻ አብዛኛው አፈር ነው አለኝ። የአፈሩ ቦታ ድሮ ሞልቷል። ፋርማሲን ሁሉም ስለፈራው ቦታ ተርፏል።»

ለካ ሰይድ ምክሩን ለእኔ ብቻ አልነበረም የመከረው፤ ወይም በየከተማው አንድ አንድ ሰይድ ነበረ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመግቢያዋ ወረቀት መጣ። ፋርማሲ ይላል፤ የተጻፈው በታይፕ ስለሆነ እኔም ልነካው አልቻልኩም።

የምትሄድ ቀን ዳህራን አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘናት። እናቷ ወረፋ ልትይዝላት ቀደም ስትል ትርሲት ወደ እኔ ዞረች።

«አባዬ፣ ለምንድን ነው የቀየርከው?»

«ፈርቼ ነው» አልኳት።

«እኔም ፈርቼ ነበር» አለች። «ግን የራሴን ነው የጻፍኩት።»

ሻንጣዋን አንስቼ ወደ ሰልፉ ተከተልኳት።