ሐጂ ነዚፍ የጣሉት መድኃኒት

አማርኛችን መራራን ከምላስ ላይ ካነሳው ቆይቷል። ኑሮ የመረረው ሰው ኑሮን ልሶ አላየውም፤ አምርሮ የሚያለቅስም እንባውን ቀምሶ አይደለም። እኛ ቀበሌ ስብሰባ ላይማ «የሕዝብ ምሬት» ራሱን የቻለ አጀንዳ ነው፤ ከውሃና ከመብራት ቀጥሎ ይያዛል፣ ሰዓት ሲያልቅ ለሌላ ቀን ይተላለፋል። «ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ብሎ አንጀትን የሚያስለቅስ ሕዝብ፣ ሳንባ ይቀምሳል ቢሉት ምን ይገርመዋል? ስለዚህ የእህቴ ልጅ ትርሲት፣ የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪዋ፣ ምሳ ላይ «ጋሼ፣ ምላስ ላይ መራራን የሚለየው ነገር ሳንባ ውስጥም ተገኘ እኮ» ስትለኝ እኔ መብላቴን ቀጠልኩ።

የገረመኝ ወሬው ለጎረቤቴ ለሐጂ ነዚፍ በጭንቅ ቀን መድረሱ ነው።

ሐጂ ነዚፍን ሰፈራችን ሄርማታ ውስጥ የማያውቃቸው የለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ቀማሽ ናቸው። ቀማሽ ስላችሁ ታዲያ እንደ እኔና እንደ እናንተ ፉት የሚሉ አይምሰላችሁ። በማንኪያ ይጨልፋሉ፣ ፉጨት በሚመስል ድምፅ ወደ አፋቸው ይስቡታል፣ ምላሳቸው ላይ ያንከባልሉታል፣ ከዚያ እንትፍ፣ ወደ ባልዲው። ጠብታ አይውጡም። የየቡን ቡና ከደዶ ቡና ይለያሉ፣ መሬት ላይ የደረቀውን ያውቃሉ። ምላሳቸውን ክፉኛ ከመረራቸው ይጥሉታል፤ ባለቡናው ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ዘመድ ቢልክ ወይ ፍንክች።

የቡና ገለባ አቧራ ስንት ዓመት ሲምጉ ኖረው በስተርጅና አስም ያዛቸው። ከቤታቸው መስጊድ እስኪደርሱ አምስት ቦታ ይቀመጡ ጀመር። ሐኪሙ በአፍ የሚሳበውን፣ ያንን ፓፍ የሚሉትን አዘዘላቸው። ወር ሞላ፤ ለውጥ የለም። ሁለት ጊዜ በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናቸው። በሁለተኛው ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር። ባለቤታቸው አዴ ዘይነባ «ማሎ፣ ይሄ ሰው እጄ ላይ ሊያልቅ ነው» ብለው አለቀሱ። እኔም፣ ምን ልደብቃችሁ፣ ፈራሁ።

በማግስቱ ትርሲትን ይዣት ሄድኩ።

«እስቲ አወሳሰድዎን ያሳዩኝ» አለቻቸው።

ሐጂ ቀና ብለው ተቀመጡ። ፓፏን አፋቸው ውስጥ ተጫኗት፤ ምላሳቸው ላይ አንከባለሉ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ እንትፍ።

«መራራ ነው» አሉ። «ደረጃም የለው።»

ወር ሙሉ መድኃኒቱን ሲቀምሱና ሲጥሉ ኖረዋል ማለት ነው።

እኔ ሳቄን በሳል አሳበብኩ። ትርሲት ግን ፊቷ ንቅንቅ አላለም። «ሐጂ፣ ይሄን የሚቀምሰው እርስዎ አይደሉም። ሳንባዎ ውስጥ ሌላ ቀማሽ አለ። ናሙናው እሱ ጋ ሳይደርስ ነው የሚደፉበት።»

ሐጂ ፓፏን ገልብጠው አዩዋት። የሌላ ቀማሽ ናሙና መድፋት በሙያቸው ነውር ነው።

«መራራ ሲደርሰው ምን ያደርጋል?»

«የአየር ቧንቧውን ይከፍታል።»

«ለመራራ በር የሚከፍት ቀማሽ?» አሉ። «ወላሂ፣ ይሄ ጉቦ የበላ ነው።»

ቢሆንም እንደነገረቻቸው ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ሳቡት፤ አስር እስክትቆጥርም ያዙት። አዴ ዘይነባም አብረዋቸው ትንፋሻቸውን ያዙ።

ስንወጣ ትርሲት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «መድኃኒቱ እኮ የሚሠራው በዚያ በኩል አይደለም፤ ሌላ መንገድ አለው» አለችኝ።

«ታዲያ ሽማግሌውን ዋሸሻቸው?»

«ምን በወጣኝ። ቀማሹም አለ፣ መድኃኒቱም ይሠራል። ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው እንጂ።»

ይህች ልጅ ሐኪም ሆና ብቻ አትቀርም፤ አንድ ቀን ሹመት ታገኛለች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሐጂ ከገበያ እኔ ቤት ድረስ በእግራቸው መጡ፤ አንድም ቦታ አልተቀመጡም። ደስ ብሎኝ ወንበር ሳብኩላቸው። መድኃኒቱ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ያ ሰውዬ አሳልፎታል» አሉ ደረታቸውን መታ መታ አድርገው። «የሙያ ባልደረባ ነው ብዬ ዝም አልኩት። እኔ ብጠየቅ ግን ዛሬም እጥለዋለሁ።»