ባለ ሁለት አፍንጫዋ እመቤት ከጥልቁ የወጣችበት ዜና

በሳድስ ዓመተ ጡረታቸው፣ በወርኃ ጥቅምት፣ መፍቀሬ ስሕተት፣ ዐቃቤ ብሩር የተባሉት ዌንደል ስቶልትስ በፔንስልቬንያ፣ በሬዲንግ ከተማ፣ በሳሎናቸው በክብር ተቀምጠው ሳሉ የሆነው እንዲህ ነው።

እኒህ ሰው፣ ዓለም ሁሉ ያማረውን ሲሻ፣ እርሳቸው ማተሚያው የሳተውን የጥንት አሜሪካ የብር ሳንቲም በፍቅር የሚሰበስቡ ነበሩ። ከሁሉም የሚወዷት ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ፣ በ1795 የታተመች ባለ አምስት ሳንቲም የብር ገንዘብ ነበረች፤ ማተሚያው ሁለት ጊዜ ስለመታት፣ በላይዋ ያለችው ፀጉሯ የተበተነ እመቤት ሁለት አፍንጫ አውጥታለች። የሰብሳቢዎች ማኅበር ሊቅ ተርማን ሩፕ ግን በጉባኤ ፊት፣ «ዌንደል ወንድሜ፣ እሱ እኮ አፍንጫ አይደለም፤ ጭረት ነው!» ብሎ ስላወጀ፣ ይህ በሆነበት ቀን ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ ጉባኤ በማጉያ መነጽር ሊፋረዱ ተቀጣጥረው ነበር።

ዐቃቤ ብሩሩም አንድ ጊዜ ሊያዩዋት ከሳጥኗ ቢያወጧት አስነጠሳቸው፤ እርሷም ከመዳፋቸው ዘልላ፣ በወለሉ ተንከባልላ፣ ሞቃት አየር በሚወጣበት ፍርግርግ ሾልካ ወደ ጥልቁ ወረደች።

ያን ጊዜ ሠራዊት ከተተ፤ በቀኝ ጎረቤታቸው ኦርቪል ማግኔት በገመድ አስሮ፣ በግራ እግረ አጭሩ ውሻቸው ፕሬትዝል እያላዘነ፣ ከኋላ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሎርና ባትሪ ይዘው ዘመቱ። ዐቃቤ ብሩሩ ወለሉን ሊፈልጡ መጥረቢያ ቢያነሡ፣ ወይዘሮዋ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «አንተ ሙት! ያንን ወለል የነካ ሰው ዛሬ ምሳ አያሸታትም!»

ኦርቪልም ማግኔቱን ሰደደ፤ ምስማር ወጣ፣ የዛገ ቁልፍ ወጣ፤ ብር ግን ለማግኔት የማይሰግድ ኩሩ ነውና አልወጣም። ኦርቪል፣ «አይዞህ ዌንደል! እየሰማችን ነው፤ ኮርታብን ነው እንጂ!» ብሎ አወጀ፤ ማንም አልተጽናናም።

ወይዘሮ ሎርና ግን ሄደው፣ የአቧራ መምጠጫ ማሽናቸውን ጎትተው፣ በቱቦው አፍ ላይ አሮጌ ስቶኪንጋቸውን ወጥረው ወደ ጥልቁ ሰደዱት። ማሽኑ አጓራ፤ አንዳች ነገር ጠቅ አለ፤ እመቤቲቱም ከነሁለት አፍንጫዋ፣ አቧራ ለብሳ፣ በስቶኪንጉ ላይ ተለጥፋ ወጣች። ኦርቪል በጥርስ ሳሙና ሊፈትጋት ቢሮጥ፣ ዐቃቤ ብሩሩ እንደ አንበሳ ተነሥተው፣ «እጅህን ሰብስብ! ይህን ጥቁረት ሁለት መቶ ዓመት ነው የለበሰችው፤ ልታራቁታት ነው?» ብለው አወጁ።

ከሰዓት በኋላም በጉባኤው ተርማን ሩፕ ማጉያውን ይዞ፣ አጎንብሶ ካያት በኋላ፣ «አፍንጫ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ብሎ አወጀ፤ ማኅበሩ ስሕተትን የሚያከብር ማኅበር ነውና ጭብጨባው ጣራ ነካ።

ከዚህም በኋላ ዐቃቤ ብሩሩ ዘመቻውን ሊተርኩ ደረታቸውን ነፍተው ተነሡ፤ «ወደ ጥልቁ ስገባ» ብለው እንደ ጀመሩም ከኋላ ወንበር የተቀመጡትን ወይዘሮ ሎርናን አዩ። ወይዘሮዋም ኮታቸውን አስተካከሉ። ያን ጊዜ ዐቃቤ ብሩሩ ፊታቸው ቀልቶ ታላቁን አዋጅ አስነገሩ፦ «ውሸቴን ነው። ያወጣቻት ሎርና ናት፤ እኔማ ወለሉ ላይ ተደፍቼ ሳለቅስ ነበር።»

እንግዲህ እርሳቸውን ማን ይመስላቸዋል? ምሽግ የሰበሩ፣ ከተማ የያዙ ብዙዎች ናቸው፤ ድሉን በጉባኤ ፊት ለሚስቱ ያስረከበ ባል ግን በየትኛው ዜና መዋዕል ተጻፈ? ዘመናቸው ይርዘም፤ ጉልበታቸው ይጽና፤ ስማቸውም ከሎርና ስም ቀጥሎ ለዘላለም ይጠራ።