ለወደቀ የማያዝን ተከላካይ

ኳስ የሚያይ ሰው ሁሉ የሚያየው አጥቂን ነው። እስቲ እውነቱን ተናገሩ፤ የተከላካይ ስም በቃላችሁ የምታውቁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? የተከላካዮችን አሰልጣኝማ ተዉት። እኔም እንዲህ ያለ ሥራ መኖሩን ያወቅኩት ኩዌት መጥቼ ነው።

ያሳወቀኝ ጋሼ ታምራት ነው። ቁርጡባ በሚባለው ሰፈር፣ እኔ የምሠራበት ቤት ሾፌር ነው፤ እኔ ማእድ ቤት፣ እሱ መኪና ላይ። አገር ቤት፣ ኮሌጅ ውስጥ የተከላካዮች አሰልጣኝ ነበርኩ ሲለኝ በሳቅ ልሞት። ምን የሚሉት ሥራ ነው ደግሞ? አልኩት። አልተቀየመኝም። አጥቂ ሲስት "ለጥቂት!" ተብሎ ይጨበጨብለታል፤ ተከላካይ ሲስት እናቱ ትሰደባለች፤ እኔ እናታቸው የምትሰደብባቸውን ነበር የማሰለጥነው አለኝ።

በወጣትነቱ ራሱ የዚያው ኮሌጅ ተከላካይ ነበር። ጉልበቱ ሲጎዳ በዚያው አሰልጣኝ ሆኖ ቀረ። ቡድኑ ሲሸነፍ ዋናው አሰልጣኝ ይባረራል፤ ሌላ ይመጣል፤ እሱም ይባረራል። ጋሼ ታምራትን ግን ማንም አያባርረውም። ለምን? መኖሩን የሚያስታውስ የለማ! ሲያሸንፉም ያው ነው፤ ሰው ዋንጫ ይዞ ይጨፍራል፣ እሱ ኳስ ይሰበስባል። ደሞዙ ልጆቹን አላሳድግ ሲለው መንጃ ፈቃዱን ይዞ ወደዚህ መጣ።

አርብ የዕረፍት ቀናችን ነው። ከጸሎት በኋላ እኛ ሐበሻ ሴቶች ማንጋፍ ሰፈር አንድ አዳራሽ ውስጥ ኳስ እንጫወታለን፤ እሱ በነፃ ያሰለጥነናል። ችግራችን ምን መሰላችሁ? የባላጋራ ተጫዋች ፊታችን ስትወድቅ ቀጥ እንላለን። "እኔን! እኔን ይድፋኝ!" ብለን ልናነሳት እንጎነበሳለን። በዚያ መሃል ኳሷ መረብ ውስጥ ናት። አንዴማ ከጎኔ የምትከላከለው ሂሩት የወደቀችውን ፊሊፒኖ አነሳቻት፣ ጉልበቷን አራገፈችላት፣ "አይዞሽ የኔ እናት" ብላ ሳመቻት። ልጅቷም አመስግና ሄዳ አገባችብን።

ጋሼ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። በማግስቱ ማዳም ጀምዒያ ገብታ አስቤዛዋን እስክትገዛ መኪና ውስጥ ስንጠብቃት፣ መድኃኒቱን አገኘሁት አለኝ። ከዚያ ወዲያ ልምምዳችን ሌላ ሆነ። አንዷ እያቃሰተች ትወድቃለች፤ እኛ ቦታችንን እንጠብቃለን። "እኔን" ያለች አዳራሹን በሩጫ ትዞራለች። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ! ሂሩት ስትዞር ስትዞር ከሳች። እሱ ግን አይሰለቸውም፣ አይሳደብም። እግርሽን እዚህ፣ ትከሻሽን እንዲህ፣ ጎሽ የኔ አንበሳ፣ እንደገና። እንዲህ ያለ ትዕግሥት በዕድሜዬ አላየሁም። እወደዋለሁ በቃ!

ቡድኑን የምትመራው እትዬ ዘነበች ግን ትዕግሥቷ አልቋል። በፍጻሜው ጨዋታ አንዲት "እኔን" ብሰማ ከአሕመዲ ከተማ ሌላ አሰልጣኝ አመጣለሁ ብላ ዛተች። ለጨዋታው ወደ ማንጋፍ ስንነዳ ጋሼ፣ በሕይወቴ የቀረችኝ ይቺ ኳስ ናት፣ ይቺንም ከወሰዱብኝ ማን ነኝ? አለኝ። አንጀቴን በላኝ።

ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። አንድ ለባዶ እየመራን ነው። ፊሊፒኖዎቹ ግልብጥ ብለው መጡብን። ጋሼ በመስመሩ ዳር እየሮጠ "ቦታሽን! ቦታሽን!" ይላል። የፈሰሰ ውሃ ረገጠና ዷ ብሎ ወደቀ! ጉልበቱን ይዞ ይጮሃል፤ ያውም አጠገባችን። አየነው እንጂ፣ እንዴት አናየውም? ሂሩት ከንፈሯን ነከሰች። የኔ እንባ ዱብ ዱብ አለ። አንዳችንም ግን ከቦታችን ንቅንቅ አላልንም። ኳሷ ስትመጣ ሂሩት በመላ ጉልበቷ ጠለዘቻት። ፊሽካ ተነፋ!

አበድን። እልል አልን፣ እትዬ ዘነበችን ተሸከምናት፣ ፎቶ ተነሳን። ፎቶው ላይ ከኋላችን ወለሉ ላይ የተጋደመ ሰው ይታያል። እሱ ነው። ኋላ ትዝ ሲለን ሮጠን አነሳነው። እትዬ ዘነበችም ጉልበቱን እያሸች፣ ከእንግዲህ ማንም አይነካህም፣ አሰልጣኛችን አንተው ነህ አለችው።

ስንመለስ ሚስቱ ከአገር ቤት ደወለች፤ እኔም እንድሰማ ስፒከር ላይ አደረጋት። ወድቆ ሲጮህ ከተጫዋቾቹ አንዷ እንኳ ዞር ብላ እንዳላየችው ነገራት። ሴትየዋ ማልቀስ ጀመረች።

"በስመ አብ! ምን ዓይነት አረመኔዎች ናቸው? ማን ነው እንዲህ ያደረጋቸው?"

"እኔ ነኛ!" አለ ጋሼ ታምራት፣ ደረቱን ነፍቶ።