ጉማሬው የመዘነው ቅናት

ዓይናዲስ ያን ሕልም ያየችው በጠራራ ፀሐይ ነው። ጣና ዳር ባለው የቀዘፋ ክለብ፣ ጀልባዎቹ በሚቀመጡበት መጋዘን፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ጋደም አለች። ከሰዓት በኋላ ለክልሉ ወጣት ቡድን ምርጫ ስለነበር ጥቂት ልረፍ ብላ እንጂ ልትተኛ አልነበረም።

ሁለት ዓመት ሙሉ ከክለቡ ሴቶች የሚቀድማት አልነበረም። ክረምቱ ሲወጣ አሰልጣኝ ምህረቴ ብረት ማንሳት አስጀመሩ። እሷ ጀልባ የሚሄደው በውኃ እንጂ በብረት አይደለም ብላ ቀረች። ስንዱ ግን፣ ያቺ ሁልጊዜ ከሁሉ ኋላ የምትደርሰው ቀጭን ልጅ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ብረት ስታነሳ፣ ቁጭ ብድግ ስትል ከረመች። በሦስተኛው ወር ዓይናዲስን ቀደመቻት። አንድ ቀን ቢሆን በነፋሱ ይሳበብ ነበር፤ አራት ቀን በተከታታይ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ዓይናዲስ የስንዱን ትከሻ ባየች ቁጥር የራሷን ትከሻ ትዳብሳለች።

እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ሲወስዳት ሐይቁ ከስፍራው ተነስቶ ዳር ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ጀልባዎቹ ሰዎች ላይ ተቀምጠው ሰዎቹን ይቀዝፋሉ። መለማመጃው ክፍል ስትገባ ደግሞ ብረቶቹ ተሰልፈው ተራ በተራ ሰው ያነሳሉ። አንዱ ብረት ስንዱን ከፍ ዝቅ እያደረገ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ስምንት፣ ዘጠኝ እያለ ይቆጥራል። ዓይናዲስ በጣላት ብላ ቆማ ጠበቀች። አልጣላትም።

ወዲያው ውድድር ተጀመረ። ዓይናዲስ ነፍሷ እስኪወጣ ቀዘፈችና ከሦስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አንደኛ ወጣች። በዚያ አገር ግን የሚሸለመው መጨረሻ የደረሰ ነው። ወርቁን ስንዱ አንገት ላይ አጠለቁላት።

ዓይናዲስ አቤት ልትል ዳኛው ዘንድ ሄደች። ዳኛው መነጽር ያደረገ ጉማሬ ነበር። እንደተበደለች፣ ስንዱ በቀደመችም በዘገየችም ጊዜ ሽልማቱ የእሷ እንደሚሆን አንድ በአንድ ነገረችው። ጉማሬው እስከ መጨረሻው ሰማትና አጠገቡ ያለውን ሚዛን በእግሩ አመለከታት።

«ሃምሳ ሁለት ኪሎ ነኝ» አለችው።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ? ቅናትሽን አውርጂና አስቀምጪው።»

ከጀርባዋ ላይ ውኃ የጠጣ ጆንያ አወረደች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ መሸከሟን አላወቀችም ነበር። ሚዛኑ ሲጢጥ አለ፤ ጀልባዎቹም መቅዘፋቸውን አቁመው አዩ።

«መቶ አርባ ኪሎ» አለ ጉማሬው። «ብረት አላነሳም ያልሽው አንቺ ነሽ?»

የጠንካሮች ሁሉ ጠንካራ ተብላ ዋንጫ ተሰጣት። ሐይቁ ተነስቶ አጨበጨበላት። ያን ጊዜ ደስ ብሏት ጆንያዋን መልሳ ልታዝል ጎንበስ አለች፤ አልነቃነቅ አላት። ዙሪያዋን ብታይ የሚያግዛት ከስንዱ በቀር አልነበረም። ልትጠራት አፏን ከፈተች፤ ድምፅ ግን እምቢ አላት። ስትታገል ትከሻዋን የነካት ሰው አባነናት።

ስንዱ ነበረች፤ እስከ ጉልበቷ ርሳ ቆማለች። ዓይናዲስ ተኝታ ሳለ አሰልጣኙ ምርጫው በሁለት ሰው ጀልባ ይሁን ብለው ወስነው ነበር። ዓይናዲስን ግን ቀስቅሱልኝ ያሉት አሁን ነው።

«ከዓይናዲስ ጋር ማን ይቀዝፋል ብለው ጠየቁ» አለች ስንዱ፣ ዓይኗን ወደ መሬት ጥላ። «ሁሉም ዝም አሉ። እኔ እጄን አወጣሁ።»

ዓይናዲስ ጀልባው የት እንዳለ ጠየቀች። ስንዱ ብቻዋን ተሸክማ ውኃው ላይ አድርሳዋለች።

«አይዞሽ» አለቻት ስንዱ ከልቧ፣ «ቢደክምሽም እኔ አደርስሻለሁ።»

ዓይናዲስ ዓይኗን መልሳ ጨፈነች። እንቅልፉ ግን አልመጣላትም።