ሰይድና ሞተሯን የቀየረላት መኪናው

ሞተር የተቀየረላት መኪና ያለው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ሳያገባም ባለትዳር ነው! የደሴው የቧንቧ ውሃ ሰፈር ልጅ ሰይድ አንዱ ነው።

ሚስት ልንጠይቅለት፣ እሱው እየነዳ ከደሴ ወደ ሐርቡ ሲወስደን፣ መኪናዋ ኮምቦልቻ ላይ ቀጥ አለች። እኛ ሽማግሌዎቹ ወዲያው መካኒክ ሆንን። «ሴንሰሩ ነው፣ ቀይረው!» አልነው።

«ሴንሰሩን ከመወንጀሌ በፊት ነዳጁ መድረሱን ልይ» ብሎ ከነአዲሱ ሱሪው ከሥሯ ገባ። ጆሮውን አስጠግቶ የነዳጅ ፓምፑን ያዳምጥ ጀመር።

ትተነው በባጃጅ ሄድን።

የልጅቷ አባት «ልጁ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ሲሉን፣ ትልቃችን ሼህ ሙሄ የሸመደዱት ሁሉ ጠፋቸው።

«ወላሂ፣ አጥፊውን ሳይለይ አይፈርድም» አሉ።

«የት አለ ታዲያ?»

«ኮምቦልቻ፣ መኪናው ሥር ተኝቶ እያዳመጣት።»

አባትየው ሳቁ። «ልጄንም ከመቆጣቱ በፊት እንዲህ ካዳመጣት፣ ሰጥቻለሁ።»